የባሕር ውሃና የመንዝ ውሃ

በመንዝ ቀያ ገብርኤል ደጋ ላይ የተቀመጠችው የዘመሮ ነጋዴ ባሕርን የሚያውቀው በሸቀጡ ነው። ጨርቁ፣ ቆርቆሮው፣ የባትሪ ድንጋዩ፣ የወፍጮው ሞተርና ሞተሩን የሚያዞረው ናፍጣ አብዛኛውን ጊዜ በጂቡቲ ወደብ አልፈው፣ ቆላውን አቋርጠውና ዳገቱን ወጥተው ይደርሱታል። እርሱም በፈንታው በጉን፣ ሱፉን፣ ባናውንና ገብሱን ወደ ታች ይልካል። እንግዲህ ይህ ሰው በሌሎች አገሮች ከባሕር ሙላትና ከማዕበል የኤሌክትሪክ ኃይል እንደሚወጣ ሲነገር ቢሰማ፣ ነገሩ የባሕር ዳር ሰዎች ጉዳይ ነው ብሎ ቢያልፈው አይፈረድበትም። ሒሳቡን ተቀምጦ ቢያየው ግን ከገዛ ሱቁ ጋር የሚገናኝ ሆኖ ያገኘዋል።

ባሕር በብዙ ስፍራ በቀን ሁለት ጊዜ ያህል ይሞላል፤ ሁለት ጊዜም ይጎድላል። ምክንያቱ የጨረቃ ስሕበት ሲሆን ፀሐይም በበኩሏ ታግዛለች። ስለዚህ የሚሞላበትና የሚጎድልበት ሰዓት አስቀድሞ ተሰልቶ በሰንጠረዥ ይታተማል። ዝናም እንዲህ ያለ ቀጠሮ ሰጥቶ አያውቅም። ይህን ኃይል በሰፊው በሥራ ላይ በማዋል የመጀመሪያይቱ አገር ፈረንሳይ ናት። በብሪታኒ በራንስ ወንዝ አፍ ላይ 750 ሜትር ርዝመት ያለው ግድብ ተሠርቶ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በኅዳር ወር 1966 በፕሬዚዳንት ደ ጎል ተመረቀ። በውስጡ እያንዳንዳቸው 10 ሜጋዋት የሚሰጡ 24 ተርባይኖች አሉ። በዚያ ስፍራ በሙላትና በጉድለት መካከል ያለው የውሃ ልዩነት በአማካይ 8 ሜትር ገደማ ነው። ጣቢያው እነሆ ዛሬም ይሠራል።

ከራንስ የሚበልጥ ጣቢያ የተገኘው ግን ከ45 ዓመት በኋላ ነው። እርሱም በ2011 በደቡብ ኮርያ በሲሁዋ ሥራ የጀመረው ባለ 254 ሜጋዋት ጣቢያ ነው። በሲሁዋ ውሃውን የሚገታው ግንብ አስቀድሞ ለሌላ ጉዳይ የተሠራ ስለ ነበረ ከወጪው ታላቁ ክፍል ተከፍሎ አልቆ ነበር ማለት ይቻላል። ዕውቀቱ ሳይጠፋ በዓለም ላይ እንዲህ ያሉ ታላላቅ ጣቢያዎች ሁለት ብቻ ሆነው የቀሩበት ምክንያት ለነጋዴ ሩቅ አይደለም። ውሃው ዋጋ የለውም፤ ግንቡ ግን ገንዘቡን ሁሉ በመጀመሪያው ቀን ይጠይቃል።

በማዕበል የሚሠራው ደግሞ ሌላ ዓይነት ነው። በስፔን ባስክ አገር በሙትሪኩ ወደብ፣ ማዕበል በሚመታው ግንብ ውስጥ ክፍት ጓዳዎች ተሠርተዋል። ማዕበሉ ወደ ጓዳው ሲገባ አየሩን ይገፋዋል፤ ሲመለስም ይስበዋል። ልክ እንደ አንጥረኛ ወናፍ ነው። በዚያ አየር የሚዞሩ 16 ተርባይኖች ከ2011 ጀምሮ በድምሩ ወደ 300 ኪሎዋት የሚጠጋ ኃይል ይሰጣሉ። ከዚህ ቀደም በ2008 በፖርቱጋል ጠረፍ በአጉሳዶራ ላይ ሦስት ፔላሚስ የተባሉ ተንሳፋፊ መሣሪያዎች ተተክለው ነበር። እነዚያስ ጥቂት ወራት ብቻ ቆይተው ወደ ወደብ ተጎተቱ፤ የሠራቸውም ኩባንያ በ2014 ከሰረ። ጨውና ማዕበል ብረትን እንዴት እንደሚበሉት የመርከብ ዕቃ የተቀበለ አስመጪ ሁሉ ያውቀዋል።

ኢትዮጵያ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1993 ወዲህ የባሕር ጠረፍ የላትም። የነበራት ጠረፍ እንኳ ለዚህ ሥራ የሚመች አልነበረም፤ በደቡብ ቀይ ባሕር የሙላቱና የጉድለቱ ልዩነት 1 ሜትር ገደማ ብቻ ነውና። ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ በቀላል ሒሳብ ይታያል። የመሣሪያው ብክነት ሳይታሰብ፣ ከ1 ሜትር ከፍታ በሚወድቅ ውሃ አንድ ኪሎዋት ሰዓት ለማግኘት 367 ሜትር ኩብ ውሃ ያስፈልጋል። ከ8 ሜትር ከፍታ ቢወድቅ 46 ሜትር ኩብ ይበቃል። ከ100 ሜትር ቢወድቅ ግን ከ4 ሜትር ኩብ ያነሰ ውሃ ያንኑ ኃይል ይሰጣል። ይኸውም በአንድ አነስተኛ የውሃ ቦቴ የሚጫን ነው።

የዘመሮ ሰው ከመቶ ሜትር ቁልቁለት ጋር መተዋወቅ አያስፈልገውም። ከመንዝ ደጋ እስከ ጀማ ሸለቆ ድረስ ያለው ቁልቁለት ከአንድ ሺህ ሜትር ይበልጣል። በክረምት ከየሸንተረሩ የሚወርደው ጎርፍ አፈሩን ጭምር ይዞ ወደ ጀማ፣ ከጀማም ወደ ዓባይ ይገባል። ታዲያ እዚሁ አጠገቡ መሣሪያ ቢተከል ምን ይከለክላል ቢባል፣ የሚከለክለው በጋው ነው። በነሐሴ ሰው የሚያሻግር የጠፋበት ወንዝ በየካቲት በድንጋይ ላይ ተረግጦ ይታለፋል። የጨረቃ ሙላት በቀጠሮው ቀን እንደሚከፍል ባለዕዳ ነው፤ የደጋ ወንዝ ግን በመኸር ብቻ እንደሚከፍል ገበሬ ነው። ከእንዲህ ያለው ጋር የሚነግድ ሰው ሰፊ መጋዘን ሊኖረው ይገባል።

መጋዘኑም ተሠርቷል። በጉባ ላይ በ2003 ዓ.ም. የተጀመረው የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ። ኃይሉ 5,150 ሜጋዋት ሲሆን፣ ሐይቁ ሲሞላ 74 ቢልዮን ሜትር ኩብ ውሃ ይይዛል። ከራንስ ጋር ቢነጻጸር ከሃያ አንድ እጥፍ ይበልጣል። ገንዘቡ ከብድር ድርጅቶች ሳይሆን ከመንግሥት ካዝናና ከሕዝብ የተገኘ ነው። በየከተማው ያለ ባለሱቅም ቦንድ ስለ ገዛበት በመዝገቡ ውስጥ የድርሻው ቁጥር አለ። በዘመሮ ሸንተረር የወረደው የክረምት ውሃም በዚያ ሐይቅ ውስጥ ይደባለቃል።

ከዚያ በኋላ መንገዱ ይገለበጣል። ከ2011 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ጀምሮ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ በሽቦ ወደ ጂቡቲ ይሸጣል፤ ከ2022 መጨረሻም ጀምሮ ወደ ኬንያ ይሄዳል። ጂቡቲ በገዛ ደጇ የባሕር ኃይል የሌላት አገር አይደለችም። በጉበት አል ኸራብ ጠባብ በር የሚገባውና የሚወጣው የባሕር ውሃ ኃይለኛ ነው። እርሷ ግን በዚያው በጉበት አካባቢ በ2023 የመረቀችው 60 ሜጋዋት የሚሰጥ የነፋስ ጣቢያ ነው፤ ከእኛም ትገዛለች። ከጂቡቲ ወደ አዲስ አበባ የሚመጣው፣ 750 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚጓዘው ባቡርም የሚጎተተው በኤሌክትሪክ ነው። እንግዲህ የመንዝ ነጋዴ ኮንቴይነር ከባሕር ዳር ሲነሣ፣ ከሚስበው ኃይል ጥቂቱ ከራሱ አገር ደጋ የወረደ ውሃ ሊሆን ይችላል።

የቀረው ችግር የመጨረሻው ምሶሶ ነው። ከአገራችን ሕዝብ ግማሽ ያህሉ እስከ ዛሬ ኤሌክትሪክ አላገኘም። ሽቦው በደረሰባቸውም ከተሞች መብራቱ ስለሚቆራረጥ፣ ባለወፍጮው የናፍጣ ሞተሩን ለመሸጥ አይደፍርም። ነገር ግን አገራችን ነዳጅ የምትገዛው ከውጭ በዶላር ነው። የብር የምንዛሪ ተመን ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ፣ እያንዳንዱ በርሜል ናፍጣ በብር ሲሰላ ከቀድሞው እጅግ የከበደ ሆኗል። መንግሥትም በዚያው ዓመት በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ መከልከሉ የገበያው ፊት ወዴት እንደ ዞረ ያመለክታል።

በዚህ ምክንያት ወደ ደጋው ወረዳዎች የሚሄደው ዕቃ ዓይነቱ መለወጡ አይቀርም። ለወፍጮ የሚሆን የኤሌክትሪክ ሞተር የሚያስመጡ ነጋዴዎች፣ ሞተሩን ብቻ ሳይሆን ማስነሻውንና ከኃይል መዋዠቅ የሚጠብቀውን መሣሪያ አብረው ቢያዝዙ ይጠቀማሉ። በገጠር ከተማ አንድ ሞተር የሚቃጠለው ብዙውን ጊዜ በሥራ ብዛት ሳይሆን ኃይሉ ድንገት ሲወርድና ሲወጣ ነው። የተቃጠለውን ለመጠቅለል የሚያስፈልገው የመዳብ ሽቦ ደግሞ በቅርብ ካልተገኘ፣ ባለወፍጮው ሞተሩን አስጭኖ እስከ ደብረ ብርሃን ወይም እስከ አዲስ አበባ ይወርዳል፤ እህል ያመጣውም ሰው ጆንያውን ተሸክሞ ይመለሳል።