ብዙ ስፒከሮችን ከአንድ አምፕሊፋየር ጋር ማገናኘት

ብዙ ስፒከሮችን ከአንድ አምፕሊፋየር ጋር ማገናኘት ማለት ባለ ሁለት ቻናል (ስቴሪዮ) የሆነ የቤት አምፕሊፋየር ከተለመደው አንድ የግራና አንድ የቀኝ ስፒከር በላይ እንዲያጫውት ገመዶችን ማዋቀር ነው። ስፒከር በተጨመረ ቁጥር አምፕሊፋየሩ ላይ የሚያርፈው ጭነት ይለወጣል። ጭነቱ አስቀድሞ ካልተሰላ የአምፕሊፋየሩ የውጤት ትራንዚስተሮች ሊቃጠሉ ይችላሉ።

ኢምፒዳንስ

ኢምፒዳንስ ስፒከሩ ተለዋዋጭ ኮረንትን የሚገታበት መጠን ሲሆን የሚለካው በኦም ነው። በአብዛኞቹ የቤት ስፒከሮች ጀርባ 4፣ 6 ወይም 8 ኦም ተብሎ ይጻፋል። እውነተኛው ኢምፒዳንስ ግን ከድምፁ ድግግሞሽ ጋር ከፍና ዝቅ ይላል። መልቲሜትር የሚያሳየው በስፒከሩ ውስጥ ያለውን የጥቅል ሽቦ ሬዚስታንስ ብቻ ስለሆነ፣ 8 ኦም የተባለ ስፒከር 6 ኦም አካባቢ ቢያነብ ተበላሽቷል ማለት አይደለም።

በአምፕሊፋየሩ ጀርባም የሚፈቀደው የኦም መጠን ይጻፋል። ለምሳሌ «4–16 ኦም» ቢል ከ4 ኦም በታች የሆነ ጭነት ማገናኘት አይፈቀድም።

ጭነት ሲቀንስ የሚፈጠረው ችግር

በኦም ሕግ መሠረት ኮረንት የሚገኘው ቮልቴጅን ለኦም በማካፈል ነው። አንድ አምፕሊፋየር 20 ቮልት ቢያወጣ፦

• በ8 ኦም ላይ 2.5 አምፒር (50 ዋት)
• በ4 ኦም ላይ 5 አምፒር (100 ዋት)
• በ2 ኦም ላይ 10 አምፒር (200 ዋት) ይጠየቃል።

ስለዚህ ኦም ሲያንስ ጭነቱ ይከብዳል። ኮረንቱ ሲጨምር ትራንዚስተሮቹ ከመጠን በላይ ይሞቃሉ፤ መከላከያ የሌለው አምፕሊፋየርም ይቃጠላል። በአንዳንድ አምፕሊፋየሮች ትራንዚስተሩ ሾርት ካደረገ የኃይል ምንጩ ቀጥተኛ ኮረንት ወደ ስፒከሩ አልፎ ጥቅል ሽቦውን ሊያቃጥል ይችላል።

በስፒከር ላይ የሚጻፈው ዋት ስፒከሩ የሚችለውን ኃይል ይገልጻል እንጂ ጭነቱን አይገልጽም። ባለ ትልቅ ዋት ስፒከር መግዛት የኦም ችግርን አይፈታም።

የማገናኛ ዘዴዎች

ትይዩ (ፓራለል)፦ የሁሉም ስፒከሮች ፖዘቲቭ ከአምፕሊፋየሩ ፖዘቲቭ፣ ኔጌቲቭ ከኔጌቲቭ ይያያዛል። ጠቅላላው ኦም ይቀንሳል። ሁለት ባለ 8 ኦም ስፒከሮች 4 ኦም፣ ሁለት ባለ 4 ኦም ስፒከሮች ደግሞ 2 ኦም ይሆናሉ። ኦማቸው ለተለያየ ሁለት ስፒከሮች ብዜታቸው ለድምራቸው ይካፈላል፤ 8 እና 4 ኦም ሲሆኑ 32 ÷ 12 = 2.67 ኦም ይመጣል።

ተከታታይ (ሲሪስ)፦ የመጀመሪያው ስፒከር ኔጌቲቭ ከሁለተኛው ፖዘቲቭ ጋር ይያያዛል። ኦሙ ስለሚደመር ሁለት ባለ 8 ኦም ስፒከሮች 16 ኦም ይሆናሉ። ለአምፕሊፋየሩ ቀላል ጭነት ቢሆንም የሚወጣው ኃይል ይቀንሳል። ስፒከሮቹ ተመሳሳይ ካልሆኑ ቮልቴጁን እኩል ስለማይካፈሉ የድምፁ ጥራት ይዛባል።

ቅይጥ፦ አራት ተመሳሳይ ባለ 8 ኦም ስፒከሮችን ሁለት ሁለቱን በተከታታይ አያይዞ ሁለቱን ጥንዶች በትይዩ ማገናኘት መልሶ 8 ኦም ይሰጣል።

እነዚህ ስሌቶች ለእያንዳንዱ ቻናል ለየብቻ የሚሠሩ ናቸው። የግራና የቀኝ ቻናል ፖዘቲቮችን አንድ ላይ ማያያዝ አምፕሊፋየሩን ሊጎዳ ይችላል። የሁለቱን ቻናሎች ኔጌቲቭ በአንድ ሽቦ ማጋራትም አደገኛ ነው፤ ምክንያቱም በብዙ ትናንሽ ዲጂታል አምፕሊፋየሮች ኔጌቲቩ ከመሬት ጋር የተያያዘ ሳይሆን ራሱ ድምፅ የሚወጣበት ጫፍ ነው።

«ኤ» እና «ቢ» የሚል የስፒከር መምረጫ ያላቸው አምፕሊፋየሮች ሁለቱም ሲበሩ አብዛኛውን ጊዜ ስፒከሮቹን በትይዩ ያገናኛሉ። ስለሆነም በዚህ ጊዜ እያንዳንዱ ስፒከር ሊኖረው የሚገባው ዝቅተኛ ኦም ከፍ ይላል፤ መጠኑ በጀርባው ወይም በመመሪያው ላይ ይገኛል።

ገመድ

ቀጭንና ረጅም ገመድ ኃይል ያባክናል። 10 ሜትር ርቀት ላይ ላለ ስፒከር ሽቦው ደርሶ መልስ 20 ሜትር ስለሚሆን፣ 0.5 ካሬ ሚሊሜትር የሆነ መዳብ 0.7 ኦም ገደማ፣ 1.5 ካሬ ሚሊሜትር የሆነው ደግሞ 0.23 ኦም ገደማ ሬዚስታንስ ይኖረዋል።

ከማብራት በፊት

1. አምፕሊፋየሩን አጥፍቶ ሶኬቱን መንቀል፤
2. የእያንዳንዱን ቻናል ጠቅላላ ኦም ማስላትና ከተፈቀደው ዝቅተኛ መጠን ጋር ማነጻጸር፤
3. የተላጠው የሽቦ ጫፍ ከጎኑ ካለው ሽቦ ጋር እንዳይነካካ ማጠማዘዝ፤
4. ፖዘቲቭና ኔጌቲቭን በሁሉም ስፒከሮች ላይ አንድ ዓይነት ማድረግ፤ አንዱ ከተገለበጠ በተለይ ወፍራሙ ድምፅ (ቤዝ) ይሳሳል፤
5. ድምፁን ዝቅ አድርጎ ማብራትና ቀስ በቀስ ከፍ ማድረግ።

አምፕሊፋየሩ በፍጥነት ከጋለ፣ ድምፁ ከተቆራረጠ ወይም በራሱ ከጠፋ ወዲያውኑ አጥፍቶ ግንኙነቱን እንደገና መፈተሽ ያስፈልጋል። ድምፅ ዝቅ ማድረግ ኮረንቱን ይቀንሳል እንጂ የተሳሳተ ግንኙነትን አያስተካክልም፤ አንድ ሰው ድምፁን ከፍ ባደረገው ጊዜ አደጋው ይመለሳል።