ከፍ ያለው ታኮማና የእናት ወገብ

እሁድ ከቅዳሴ መልስ ነው። የሎስ አንጀለስ ከተማ በ2002 እ.ኤ.አ. «ሊትል ኢትዮጵያ» ብላ በሰየመችው የፌርፋክስ አቬኑ ክፍል ዳር አንድ ታኮማ ፒክአፕ ቆሟል። 3 ኢንች ከፍ ተደርጓል፤ ጎማዎቹም ባለ 33 ኢንች ናቸው። ባለቤቱ ወጣት ነው፤ እናቱ ከጎንደር ሊጠይቁት ከመጡ ገና ሁለት ሳምንታቸው።

«እማዬ፣ እዚህ ጋ ረግጠሽ ውጪ።»

«ቆይ ልጄ፣ ነጠላዬን ልሰብስብ።»

በአንድ እጃቸው በሩን፣ በሌላው የልጃቸውን ትከሻ ይዘው ወጡ። አይ-10 ፍሪዌይ ላይ ብዙም ሳይሄዱ ወገባቸውን መያዝ ጀመሩ።

መኪና ከፍ ስላለ ብቻ ወገብ አያምም። ዋናው ጉዳይ ከፍታው በምን እንደመጣ ነው። ከዚህ ታኮማ ሥር ጎንበስ ብሎ ላየ ነገሩ ግልጽ ነው፦ ከኋላ በባሌስትራውና በአክሰሉ መካከል ጡብ የሚያህል ብረት ገብቷል። ከፊት ደግሞ ሞላውን የሚያስጨንቅ ወፍራም ቀለበት ተጨምሯል። ሾክ አብዞርበሮቹ ግን የድሮዎቹ ናቸው፤ ርዝመታቸው አልተለወጠም። መኪናው ገና ቆሞ ሳለ ሾኩ ሊዘረጋ ከሚችለው አብዛኛውን ጨርሶታል። ጎማው ጉድጓድ ውስጥ ሲወርድ የቀረችውን ወዲያው ይጨርስና ብረት ከብረት ይጋጫል። እናትየው ከመቀመጫቸው ሥር የሰሙት «ቋ» የሚል ድምፅ ይኸው ነው።

ጎማውም የራሱን ይጨምራል። ትልቅ ጎማ ከባድ ነው፤ ክብደቱ ደግሞ ከሞላው በታች ስለሆነ ምንም አያለዝበውም። አንዴ የዘለለ ከባድ ጎማን መልሶ አስፋልት ላይ ለማሳረፍ ሾኩ ብዙ ይለፋል።

የካሊፎርኒያ ፍሪዌይ ጉዳይ ግን ለብቻው መነገር አለበት። የአይ-10 ወለል ኮንክሪት ነው፤ መገጣጠሚያዎቹ በየ4 እና 5 ሜትሩ ገደማ ይመጣሉ። በሰዓት 65 ማይል፣ ማለትም 105 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ የሚሄድ መኪና በሴኮንድ 6 ጊዜ ያህል ይመታል። የተቀመጠ ሰው አካል ወደ ላይና ወደ ታች የሚመጣ ንዝረት አብልጦ የሚሰማው ደግሞ በሴኮንድ ከ4 እስከ 8 ጊዜ ባለው ውስጥ ነው። ድርቅ ያለ ፒክአፕ እዚህ መንገድ ላይ ሲሄድ የሚያንገጫግጨው ልክ ሰው የማይችለው ቦታ ላይ ነው። ያገሬው ሹፌሮች «ፍሪዌይ ሆፕ» ይሉታል።

አገር ቤት ባዶ ሃይሉክስ ላይ ከኋላ ተቀምጦ የጠጠር መንገድ የሄደ ሰው ስሜቱን ያውቀዋል። ጥቂት ኩንታል ጤፍ ሲጫንበት ያው መኪና ይረጋጋል፤ ባሌስትራው የተሠራው ለጭነት ነዋ! ስለዚህ «ከፍ ይበልልኝ» ብሎ ባሌስትራ የሚያስጨምር፣ ጭነትም የሌለው ሰው፣ ድርቀትን በገንዘቡ እየገዛ ነው።

መሪውም ይነካል። የፊቱ ከፍ ሲል የጎማዎቹ ዝንባሌ ስለሚቀየር መኪናው ፍሪዌይ ላይ ይዋልላል፤ አላይመንት ካልተሠራለት ሹፌሩ መሪውን ሲያስተካክል ይውላል። ከላይ የከበደው አካልም መታጠፊያ ላይ አብዝቶ ያጋድላል። ሕጉም ዝም አላለም፦ ካሊፎርኒያ ውስጥ አጠቃላይ የተፈቀደ ክብደቱ ከ4,501 እስከ 7,500 ፓውንድ የሆነ መኪና፣ ሻንሲው ከመሬት ከ30 ኢንች በላይ መራቅ የለበትም።

ታዲያ ከፍ ማድረግ ክፉ ነው? አይደለም። ለአዲሱ ቁመት ተለክቶ የተሠራ ረዘም ያለ ሾክና ከመኪናው ክብደት ጋር የተመጣጠነ ሞላ ከገባለት፣ 2 ኢንች ከፍ ያለ ፒክአፕ ከፋብሪካው ካለው ጭምር ሊለዝብ ይችላል። ልዩነቱ ዋጋው ላይ ነው፤ ብረትና ቀለበቱ ርካሽ ነው፣ ሙሉው ዕቃ ግን ውድ። ገንዘቡ እስኪሞላ መጠበቅ ይሻላል። ከኋላ የሚቀመጠው ሰው ወገብ መለዋወጫ የለውም።

ልጁ ብረቱንም ቀለበቱንም አስወለቀ። ጎማውን ወደ ድሮው መለሰ፤ 2 ኢንች ከፍ የሚያደርግ ሙሉ ሾክና ሞላ አስገጠመ፤ አላይመንትም አሠራ። እናቱ አሁንም ሲወጡ ትከሻውን ይይዛሉ። ባለፈው እሁድ ግን አይ-10 ላይ እንቅልፍ ወሰዳቸው።