ሩዝ ተከልክሎ ዳቦ የተፈቀደለት በሽተኛ

ሳሙኤል ጊ የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1887 ለንደን ውስጥ ስለ አንድ ግራ አጋቢ የልጆች በሽታ ትምህርት ሰጠ። ልጆቹ እየበሉ ይከሳሉ፤ ሆዳቸው ይነፋል፣ ሰገራቸው ይገረጣል፣ ይበዛል። ጊ «መዳን ካለ በምግብ ነው» ባይ ነበር፤ በዚህ አልተሳሳተም። ምግቡን ሲመርጥ ግን ሩዝን ከለከለና ስስ ሆኖ በሁለት በኩል የተጠበሰ ዳቦ ፈቀደ! ከታካሚዎቹ አንዱ በየቀኑ አንድ ሊትር ያህል ከሆላንድ የመጣ ዛጎል ለበስ የባሕር ምግብ ሲበላ አማረበት፤ የዚያ ምግብ ወቅት ሲያልፍ አገረሸበት። ሆዱ በባሕር ምግቡ ሲሞላ ለዳቦው ቦታ አልተረፈ ይሆናል። ጊ ግን ዓይኑን የጣለው ልጁ በሚበላው ላይ ብቻ ነበር።

በ1924 ደግሞ ኒውዮርክ ላይ ሲድኒ ሃስ ሙዝ ይዞ መጣ። በሙዝ የተመገቡት ልጆች አገገሙ፣ የሙዝም ስም ገነነ። ያገገሙት ልጆች ወደ ዳቦ ሲመለሱ አንጀታቸው ዳግም ይጎዳ እንደነበር የታወቀው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው።

ነገሩን የፈታው ቪለም ዲከ፣ በሆላንድ የሄግ ከተማ የሕፃናት ሐኪም ነው። እንደሚተረከው አንዲት እናት ዳቦ ስትከለክለው ልጇ እንደሚሻለው ነገረችው፤ እሱም አልናቃትም። በ1930ዎቹ ታካሚዎቹን ከስንዴ ማራቅ ጀመረ። ከዚያ የ1944ቱ ክረምት መጣ። አገሩን በጦርነት የያዙት ጀርመኖች ምግብ እንዳይገባ መንገድ ዘጉ፤ ሆላንዳዊው የቱሊፕ አበባ ሥር እስከ መብላት ደረሰ። አገሩ ሲራብ የዲከ ሕሙማን ልጆች ተሻላቸው፤ ዳቦ ሲመለስ ሕመሙም ተመለሰ። ሰው የሚወደው ይህን የታሪኩን ክፍል ነው። እኔን የሚገርመኝ ግን ቀጥሎ የመጣው አሰልቺ ሥራ ነው። ረሃብ ስንዴን ብቻ ሳይሆን ሁሉንም ነገር ስለሚያሳጣ ማስረጃነቱ ደካማ ነው። ስለዚህ ዲከና የዩትሬክት ባልደረቦቹ ለጥቂት ልጆች ስንዴ እየሰጡ፣ እየከለከሉ፣ እንደገና እየሰጡ ሰገራቸው ውስጥ ያለውን ስብ ለኩ። ስንዴ ሲገባ ስቡ ሳይዋሃድ ይወጣል። ዲከ ይህን በ1950 የዶክትሬት ጽሑፉ አድርጎ አቀረበ።

ጥፋተኛው የስንዴው የትኛው ክፍል ነው? ሊጥ በውሃ ሲታሽ ነጩ ስታርች ታጥቦ ይሄዳል፤ እጅ ላይ የሚቀረው እንደ ማስቲካ የሚለጠጥ ነገር ግሉተን ነው። በ1952 የበርሚንግሃም ሐኪሞች ሁለቱን ለይተው ሲሞክሩ ስታርቹ ነጻ ወጣ፣ ግሉተኑ ተያዘ። በሽታው ሴሊያክ ይባላል፤ ዛሬ እንደምናውቀው ሴሊያክ ያለበት ሰው ግሉተን ሲበላ የገዛ አካሉ መከላከያ ትንሹን አንጀት ያጠቃል። ምርመራው የሚደረገው ስንዴ እየተበላ ስለሆነ፣ የጠረጠረ ሰው ከመመርመሩ በፊት ዳቦ ቢተው ውጤቱ ሊያሳስተው ይችላል።

ሆላንዶች ወደኛ ማሳም ደርሰዋል። በ2005 የላይደን ተመራማሪዎች 14 የጤፍ ዝርያዎችን መርምረው፣ የሴሊያክ በሽተኛን የመከላከያ ሕዋሳት የሚቀሰቅሰውን ነገር አላገኙባቸውም። እሰየው! ታዲያ ሐበሻ ምግብ ቤት ገብቶ እንጀራ ማዘዝ ይበቃል?

ሴሊያክ ካለባት የአክስቴ ልጅ ጋር ሜሪላንድ ውስጥ አንድ ምግብ ቤት ገብተን ነበር።

«እንጀራው የጤፍ ነው?» አለቻት አስተናጋጇን።

«አዎ የኔ እህት፣ የጤፍ ነው።»

«ከጤፉ ሌላስ ምን ይገባበታል?»

አስተናጋጇ ጓዳ ገብታ ተመለሰች። «ትንሽ ገብስና ትንሽ ሰልፍ ራይዚንግ አለበት አሉኝ።»

ሰልፍ ራይዚንግ የስንዴ ዱቄት ነው፤ ገብስም ግሉተን አለበት። አስተናጋጇ አልዋሸችም፤ ለጤነኛ ሰው ድብልቁም የጤፍ እንጀራ ነው። ሁለተኛው ጥያቄ ባይጠየቅ ኖሮ ግን የአክስቴ ልጅ በልታ ትታመም ነበር።

አሜሪካ ውስጥ «ግሉተን ፍሪ» ተብሎ የሚሸጥ ምግብ በኪሎ ከ20 ሚሊግራም ያነሰ ግሉተን እንዲኖረው ሕጉ ያዛል። ከዚህ አንጻር ቅንጬው፣ የስንዴ ጨጨብሳው፣ በሶው፣ ከገብስ ብቅል የተጠመቀው ጠላና ቢራ አይታሰቡም። እነዚህ እንኳ ስማቸውን ያወቀ ይሸሻቸዋል። የሚያሳስተው ሳምቡሳ በተጠበሰበት ዘይት የሚጠበሰው ዓሣና ድብልቁ በተጋገረበት ምጣድ የሚጋገረው ንጹህ ጤፍ ነው። ከሁሉ የሚከብደው ደግሞ ገበታው ነው። አንድ ትሪ ላይ ስንበላ የሌላው ሰው እንጀራ ፍርፋሪ ወጡ ውስጥ ይገባል፤ ጉርሻውም ድብልቁን በቆረሰ እጅ ይመጣል። ጉርሻ መመለስ እንዴት እንደሚያሳፍር ለሐበሻ አይነገርም። የአክስቴ ልጅ ስለዚህ ገና ሳንቀመጥ ለሁላችንም ትናገራለች፤ ትንሽ እንስቃለን፣ ከዚያ ይለመዳል።

የዚያን ዕለት ክትፎ በቆጮ በተለየ ሳህን አዘዘች። ቆጮ ከእንሰት የሚሠራ ነው፤ ስንዴ የለበትም። ያም ሆኖ አስተናጋጇን አንዴ መልሳ ጠራቻት፦ ቆጮው ላይ ዱቄት ተጨምሮ እንደሆነ፣ የሚሞቀውም እንጀራው በሚሞቅበት ላይ እንደሆነ ጓዳ ጠይቃ እንድትነግራት።