የታጨቀ ባሩድ፦ ከውጅግራ ቀለህ እስከ ጭስ አልባው ጥይት

ከሸዋ ሮቢት በስተደቡብ፣ በአንኮበር ግርጌ ያለችው ፋሬ ከታጁራ ተነስቶ አፋርን ያቋረጠ ነጋዴ ሁሉ ወደ ሸዋ የሚገባባት በር ነበረች። ፈረንሳዊው አርተር ራምቦ ለንጉሥ ምኒልክ ከ2 ሺህ የሚበልጥ ጠመንጃ በግመል አስጭኖ በ1879 ዓ.ም. አንኮበር የደረሰው በዚሁ የቆላ መንገድ ነው። ጠመንጃዎቹ ባሩዱም አረሩም በአፈሙዝ በኩል እየተጠቀጠቀ የሚጎርሱ፣ ዘመን ያለፈባቸው ነበሩ። የኢትዮጵያን ወታደር ዝናር የሞላው ግን ሌላ ነው፤ ውጅግራ።

ውጅግራ እ.ኤ.አ. በ1874 የፈረንሳይ ጦር የታጠቀው፣ ግራ የተባለው ጠመንጃ ነው። ጥይቱ 25 ግራም የሚመዝን እርሳስ፣ ከእርሳሱ ኋላ ደግሞ ከ5 ግራም ጥቂት የሚበልጥ ጥቁር ባሩድ አለው። በአገራችን ገበያ እንደ ዝርዝር ገንዘብ እስከ ማገልገል የደረሰ ጥይት ነው። ቀለሁ ናስ ስለሆነ፣ ሙያው ያለው ሰው እሳት ጫሪዋን ቀይሮ መልሶ ሊሞላው ይችላል።

የሙያው ቁልፍ ያለው አሞላሉ ላይ ነው። ጥቁር ባሩድ በቀለህ ውስጥ ክፍተት አይወድም። አረሩ ሲገጠም ባሩዱን ጫን ብሎ መያዝ አለበት። ልቅ ሆኖ ከተቀመጠ እሳቱ በቅንጣቶቹ መካከል እንዳገኘ ይሮጣል፤ አንዱ ተኩስ ከሌላው አይመሳሰልም። በመጠኑ ሲታጨቅ ግን የነበልባሉ መተላለፊያ ይጠባል፣ ቃጠሎውም ወጥ ይሆናል። እንግሊዞች ይህን እስከ ጥግ ወስደውታል። እ.ኤ.አ. በ1888 የወጣው የመጀመሪያው 303 ጥይታቸው ባሩዱ ተጨምቆ አንድ ወጥ ቁራጭ የሆነ ነበር፤ እሳቱ እንዲያልፍ መሃሉ ተበስቷል።

ጭስ አልባው ባሩድ ሲመጣ ግን ሕጉ ተለወጠ።

ፖል ቪዬይ የተባለው ፈረንሳዊ ኬሚስት እ.ኤ.አ. በ1884 የሠራው ይህ ባሩድ ግፊቱ በጨመረ ቁጥር ቃጠሎውም ይፈጥናል። የፈጠነው ቃጠሎ ደግሞ መልሶ ግፊቱን ያንረዋል። ኃይሉን ለማየት ያንኑ የግራን ቀለህ አንገቱን አጥብበው ለቤል ለተባለው የፈረንሳይ ጠመንጃ የሠሩትን ጥይት መመልከት ይበቃል፤ ባሩዱ ከ3 ግራም ያነሰ ሆኖ ሳለ፣ ቀለል ያለውን አረር በሴኮንድ ከ600 ሜትር በላይ ይወረውረዋል። ውጅግራ 450 ሜትር ገደማ ነበር።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። ጭስ አልባ ባሩድ ሲታጨቅ የቅንጣቱ ተፈጥሮ አይለወጥም። የሚለወጠው በቀለሁ ውስጥ የሚቀረው ባዶ ቦታ ነው። ቦታው ሲጠብ ጋዙ መተንፈሻ ያጣል፣ የመጀመሪያው ግፊት ከፍ ይላል፣ ቃጠሎውም አብሮ ይፈጥናል። ቅንጣቶቹ ከተሰበሩ ደግሞ እሳት የሚነካው ገጽ ስለሚበዛ፣ ጭራሮ ከግንድ ቀድሞ እንደሚነድ ሁሉ ሳይታሰብ ይቀጣጠላሉ። ስለዚህ ፋብሪካዎች እስከ አፉ የሞላ ጥይት ሲሠሩ ቀስ ብሎ የሚነድ ባሩድ ይመርጣሉ፤ ግፊቱንም በመሣሪያ ይለካሉ። ፈጣኑን ባሩድ በዚያው ልክ ማጨቅ ጠመንጃውን ይሰነጥቃል፣ የተኳሹንም ዓይንና እጅ ይበላል። ከልክ በላይ የታጨቀ ባሩድ ሳይተኮስ እንኳ አረሩን ቀስ በቀስ ወደ ውጭ ሊገፋው ይችላል።

ፋሬ እንዳለችበት እንደ ይፋት ባለ ቆላ የሙቀቱ ነገር ይጨመራል። በፀሐይ የጋለ ጥይት ከቀዝቃዛው የበለጠ ግፊት ይፈጥራል። ለዓመታት ሙቀት ውስጥ የተቀመጠ ጭስ አልባ ባሩድም እየተበላሸ ይሄዳል፤ ከውጭ ያማረ ቀለህ ውስጡ የሞተ ወይም የከፋ ሊሆን ይችላል።

በሳጥኑ ሥር የአባት የአያት ጥይት ያለው ሰው በጉጠት አይክፈተው፤ ባሩዱንም ወደ ሌላ ቀለህ አያጋባው። ጥቁሩን ባሩድ አጭቆ መሙላት የለመደ እጅ ጭስ አልባውንም እንዲሁ ልሙላ ካለ ጠመንጃው በእጁ ላይ ይፈነዳል።