«ተከላካይ» እና «ብግነት»፦ የሳንባ ሕመም በአማርኛ አገላለጽ

በአማርኛ የሕክምና ጽሑፎች «ብግነት» እና «በሽታ ተከላካይ ሴል» የሚሉት ስያሜዎች ጎን ለጎን ይገኛሉ። የመጀመሪያው በገነ ከሚለው ኢተሻጋሪ ግስ የተገኘ ስም ነው። ግሱ በዕለታዊ ንግግር በንዴት መቃጠልን ያመለክታል፤ ስሙም የሚበግነውን እንጂ አብጋኙን አይጠቁምም። ሁለተኛው ግን ተከላከለ ከሚለው ግስ የወጣ የአድራጊ ስም በመሆኑ ሴሉን ከአንድ ቋሚ ተግባር ጋር ያቆራኘዋል። ይህ ልዩነት ከሰዋስው አልፎ መልእክትን እንደሚነካ በቤተ ሙከራ አይጦች ሳንባ የሚታየው ሂደት ያስረዳል።

በተለመደው ሙከራ አይጦች በአፍንጫ ወይም በመተንፈሻ ቧንቧ ሊፖፖሊሳካራይድ ይሰጣቸዋል። ይህ ከግራም ኔጌቲቭ ባክቴሪያዎች የውጭ ሽፋን የሚገኝ ንጥረ ነገር እንጂ ሕይወት ያለው ተሐዋሲ አይደለም። በአየር ከረጢቶች ውስጥ የሚኖሩት ማክሮፋጆች ቲ.ኤል.አር. 4 በተባለው ተቀባይ አማካይነት ይለዩትና ኬሚካዊ መልእክት ያሰራጫሉ። በሰዓታት ውስጥ ኒውትሮፊሎች ከደም ሥር ወጥተው ወደ ከረጢቶቹ ይጎርፋሉ። ለጀርም መግደያ የያዟቸው ኢንዛይሞች የከረጢቱን ግድግዳ ይጎዳሉ፤ ፈሳሽም ሰርጎ ይገባል። በቀጣዮቹ ቀናት ኒውትሮፊሎቹ ሲሞቱ ማክሮፋጆች ይውጧቸዋል፤ ተቆጣጣሪ ቲ ሴሎችም ብግነቱ እንዲበርድ ያግዛሉ።

እዚህ ላይ የሚመከት ሕያው ጠላት የለም፤ ጉዳቱ ግን አለ። በአንድ የወል ስም የሚታወቁት ሴሎች በመጀመሪያ ጠሪና ጎጂ፣ በኋላም ጠራጊና አብራጅ ይሆናሉ።

ጉዳዩ ከቃላት ምርጫ በላይ ነው። በ2020 እ.ኤ.አ. በብሪታንያ የተካሄደው ሪከቨሪ የተሰኘ ጥናት፣ ዴክሳሜታዞን ኦክሲጅን ወይም የመተንፈሻ መሣሪያ ያስፈለጋቸውን የኮቪድ 19 ሕሙማን ሞት እንደቀነሰ፣ ኦክሲጅን ላላስፈለጋቸው ግን ጥቅም እንዳልታየበት አመልክቷል። መድኃኒቱ «በሽታ ተከላካይ ሴሎችን ያዳክማል» ተብሎ የተነገረው አስታማሚ፣ ሕመምተኛው ጋሻውን እየተነጠቀ ነው ብሎ ቢሰጋ አይፈረድበትም። «የሳንባውን ብግነት ያበርዳል» ቢባል ግን ምክንያቱን ከግሱ ይረዳል።

ስለዚህ የሙያ ቃላት አዘጋጆች የወል ስሙን ይዘው ቢቀጥሉም፣ የሴሎቹን ሥራ በየደረጃው በሚስማማው ግስ መግለጽ ይገባቸዋል፦ ጠሩ፣ ጎረፉ፣ ጎዱ፣ ዋጡ፣ አበረዱ።