ጨረቃ ወደ እኛ የምትቀርበው መቼ ነው?

ሙሉ ጨረቃ ከመቱ ወይም ከጎሬ ጋራ ጀርባ ብቅ ስትል ግዙፍነቷ ያስደንቃል። “ዛሬስ ቀርባናለች” ይባላል፤ ልጅም ከአባቱ ሰምቶ ይዞት ያድጋል።

እውነታው ግን ተቃራኒው ነው። ጨረቃ ከአድማስ ስትወጣ የምትርቀን፣ አናታችን ላይ ስትደርስ ደግሞ የምትቀርበን ናት። በመካከሉ መሬት ራሷ እየዞረች ወደ ጨረቃ ስለምታስጠጋን፣ ልዩነቱ እስከ 6,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይደርሳል። መቱ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነች ይህ ልዩነት እዚህ ከፍ ያለ ነው። የተጠራጠረ ሰው ጨረቃ ስትወጣ ክንዱን ዘርግቶ በትንሿ ጣቱ ይሸፍናት፤ ሌሊት 6 ሰዓት ላይም ይድገመው። ጣቱ ሁለቴም እኩል ይሸፍናታል። ወረቀት ጠቅልሎ በቀዳዳው ቢያያት ደግሞ ዛፉና ጋራው ከዓይኑ ስለሚሰወሩ ግዝፈቷም አብሮ ይጠፋል።

ትክክለኛው መቅረብና መራቅ ከምሕዋሯ የሚመጣ ነው። የጨረቃ መንገድ ፍጹም ክብ ስላልሆነ ከመሬት ያላት ርቀት በአማካይ 384,400 ኪሎ ሜትር ቢሆንም፣ በቅርቡ ነጥብ (ፔሪጂ) እስከ 356,400 ይወርዳል፤ በሩቁ (አፖጂ) እስከ 406,700 ይወጣል። ብዙዎች “የምትቀርበው ስትሞላ ነው” ይላሉ። እሷ ግን በየ27 ቀን ተኩሉ ትቀርባለች፤ ሙሉ ብትሆን፣ ቀጭን ብትሆን፣ ጭራሽ ባትታይም። መቅረቧና መሙላቷ ሲገጣጠሙ ነው “ሱፐርሙን” የሚባለው። ኅዳር 5 ቀን 2009 ዓ.ም. ከ1940 ዓ.ም. ወዲህ የቀረበችው ሙሉ ጨረቃ ታይታ ነበር። እንዲህ ያለችው ጨረቃ ከሩቋ ሙሉ ጨረቃ በስፋት 14 በመቶ ገደማ ትበልጣለች፤ ጎን ለጎን ካላስተያዩ በቀር ዓይን ልዩነቱን በቀላሉ አይለየውም።

ርቀቷ በዓይን የታየው ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. እሑድ ጠዋት ነው። የፀሐይ ግርዶሽ ከወለጋ እስከ ላሊበላ ሲያልፍ ፀሐይ የብርሃን ቀለበት ሆና ቀረች። መቱ ከዚያ መንገድ በስተደቡብ ስለምትገኝ ፀሐይ በከፊል ስትሸፈን ብቻ አየች። ጨረቃ ለምን ፀሐይን ሙሉ በሙሉ አልጋረደችም? ከሩቁ ነጥብ ካለፈች ገና 6 ቀን ገደማ ስለነበር፣ ፀሐይን ለመሸፈን የሚበቃ ያህል አልቀረበችም ነበር።

የጨረቃ መቅረብ የባሕርን ሙላት ከወትሮው ከፍ ያደርጋል። በመቱ አካባቢ ያለው የሶር ፏፏቴ የሚሞላው ግን በጨረቃ ሳይሆን በክረምት ዝናብ ነው።

አንድ ስህተት በተማሩ ሰዎች ዘንድም አለ፤ ጨረቃን ለሚዞር መንኮራኩርም ፔሪጂና አፖጂ ማለት። እነዚህ ቃላት መሬትን ለሚዞር ብቻ ናቸው። በአፖሎ ዘመን ናሳ ከመሬት ተነሥቶ ጨረቃን ለሚዞር መንኮራኩር ቅርቡን ነጥብ ፔሪሲንቲየን፣ ሩቁን አፖሲንቲየን ይለው ነበር። ከጨረቃ ገጽ ለሚነሣው ደግሞ ፔሪሉን እና አፖሉን ነበር ስያሜው። ሐምሌ 1961 ዓ.ም. የአፖሎ መንኮራኩር ኮሎምቢያ ከመሬት መጥታ ጨረቃን ስትዞር፣ ጨረቃ ላይ ያረፈችው ኢግል ደግሞ ከጨረቃ ገጽ ተነሥታ ልትገናኛት ስትወጣ፣ የአንዷ ቅርብ ነጥብ ፔሪሲንቲየን፣ የሌላዋ ፔሪሉን ተባለ።