ልብሱ ለተማሪው ነው ወይስ ተማሪው ለልብሱ?

ከጥቂት ጊዜ በፊት በድሬዳዋ ከተማ፥ የፀሐይዋ ሙቀት ገና ሳይበረታ፥ በአንድ ትምህርት ቤት ደጅ በኩል ስናልፍ የማለዳው ደወል ተደውሎ ሰንደቅ ዓላማ ይሰቀል ነበር። ከበሩ ውጭ ግን አራት ልጆች ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል። ከእነርሱም አንዱ፥ ዕድሜው ከዐሥር ዓመት የማይበልጥ፥ ሸሚዙ በሚገባ የታጠበ፥ ደብተሩንም በደረቱ የታቀፈ ልጅ ነው። በእግሩ የተጫማው ግን የታዘዘውን ጥቁር ጫማ ሳይሆን የፕላስቲክ ነጠላ ጫማ ነበር።

«ጋሼ፥ እናቴ ደመወዝ ስትቀበል ትገዛልኛለች፤ ዛሬ ፈተና አለብን» እያለ ዘበኛውን ይለምናል። ዘበኛውም ፊቱን ወደ ሌላ ወገን መልሶ፥ «ትእዛዝ ነው ልጄ፤ እኔ ምን ላድርግ?» አለው። ልጁም አንገቱን ደፍቶ በመጣበት መንገድ ተመለሰ።

ውድ አንባብያን ሆይ፥ ይህን ያየ ወላጅ ሁሉ በልቡ የሚጠይቀው ጥያቄ አለ። ለመሆኑ የደንብ ልብስ ሕግ ተገቢ ነውን? ተገቢስ ከሆነ፥ ሕጉን በማፍረስ የሚሰጠው ቅጣት ፍትሐዊ ነውን?

ስለ ሕጉ ስንናገር ጥቅሙን መካድ አይገባንም። ድሬዳዋ በ1895 ዓ.ም. የባቡር ሐዲድ ከጅቡቲ ተነሥቶ ሲደርስ የተቆረቆረች፥ ኦሮሞው፥ ሶማሌው፥ ሐረሪው፥ አማራው፥ ጉራጌውና ከባሕር ማዶ የመጣው ነጋዴ ሁሉ ጎረቤት ሆኖ የኖረባት ከተማ ናት። በእንዲህ ያለች ከተማ የባለሱቁ ልጅና የጉልት ቸርቻሪዋ ልጅ አንድ ዓይነት ልብስ ለብሰው በአንድ ወንበር ሲቀመጡ ማየት የሚያስደስት ነገር ነው። ያዕቆብ ለዮሴፍ ብቻ ያለበሰው ያጌጠ ቀሚስ በወንድማማች መካከል ምን ያህል ቅናት እንዳስነሣ እናውቃለንና፥ ልጆችን በልብስ አለማበላለጥ ጥበብ ነው።

የዚህንም ልማድ መነሻ ብንመረምር ምሕረትን እናገኛለን። በአገራችን የአብነት ትምህርት ቤት የባላባቱም ልጅ የድኻውም ልጅ ከቤቱ ወጥቶ፥ ደበሎ ለብሶ፥ አኩፋዳውን አንግቦ፥ ቁራሽ እየለመነ ይማር ነበር። በዚያም አለንጋና ኩርኩም እንደ ነበረ አንክድም፤ ነገር ግን ደበሎው ስላረጀ ከጉባኤ የተባረረ ተማሪ መኖሩን አልሰማንም። በእንግሊዝ አገርም በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1552 ለድኾች ልጆች የተቋቋመው ክራይስትስ ሆስፒታል የተባለው ትምህርት ቤት ተማሪዎቹን ረጅም ሰማያዊ ካፖርት ያለብሳቸው ነበር። እንግዲህ በሁለቱም አገር የተማሪ ልብስ የድኻውን ልጅ ገበና የሚሸፍን ነበር እንጂ ከደጅ የሚመልሰው አልነበረም።

ስለ ቅጣቱ ስንመጣ፥ አስቀድሞ ጥፋተኛውን መለየት ያስፈልጋል። ጫማ እያለው በእልክ ሌላ የሚጫማ ወጣት አለ፤ ይህ ሊገሠጽ ይገባዋል። ልብሱን ማታ ሳያጥብ ጧት አድፎ የሚመጣም አለ፤ ይህም ሊመከር ይገባዋል፤ በድሬዳዋ ሙቀት ማታ የታጠበ ሸሚዝ ሳይነጋ ይደርቃልና። የሌለውን ጫማ ያላደረገ ሕፃን ግን ምን አጠፋ? ገንዘቡ በእጁ አይደለም፤ የደመወዙንም ቀን የሚወስነው እርሱ አይደለም። እርሱን መቅጣት እናቱን ስለ ድኽነቷ በልጇ በኩል መቅጣት ነው።

ከዚህም ጋር የቅጣቱ ዓይነት ራሱ መታየት አለበት። በጠጠር ላይ ማንበርከክና በዱላ መምታት በሕግ ፊት የሚያስጠይቅ ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት አካላቸውን ከሚጎዳና ከጭካኔ ቅጣት ነጻ እንዲሆኑ ደንግጓል። ከደጅ መመለስ ግን በሰውነት ላይ ምልክት ስለማይተው ቀላል ቅጣት ይመስላል፤ ነገር ግን ልጁ የመጣበትን ዋና ነገር፥ ትምህርቱን፥ ይነጥቀዋል።

ደንቡ የኅሊናንም ነገር በሚነካበት ጊዜ ጥንቃቄው ሊበልጥ ይገባል። በ2017 ዓ.ም. በአክሱም ከተማ ሂጃብ የለበሱ ሙስሊማት ተማሪዎች በመከልከላቸው የ12ኛ ክፍል ፈተና ምዝገባ ሊያመልጣቸው በደረሰ ጊዜ፥ ነገሩ ፍርድ ቤት ደርሶ ክልከላው ለጊዜው እንዲታገድ ታዝዟል። በልጆቻችን አንገት ማዕተብ አስረን ወደ ትምህርት ቤት የምንልክ እኛ፥ የእነዚያን ልጆች ወላጆች ጭንቀት ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። በድሬዳዋ ደግሞ እነዚህ ልጆች የጎረቤቶቻችን ልጆች ናቸው።

ታዲያ ምን ይደረግ? በመጀመሪያ፥ ትምህርት ቤቶች ጉድለት ያለበትን ልጅ ወደ ክፍል አስገብተው፥ ከትምህርት በኋላ ወላጁን በጨዋ ደንብ ያነጋግሩ። ልብሱም በየገበያው በሚገኝ ዋጋ የሚገዛ ይሁን፤ «ከዚህ ሱቅ ብቻ ግዙ» ማለት ለወላጅ ሸክም ነው። እንግሊዞች በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ2021 ትምህርት ቤቶች የደንብ ልብስ ዋጋን እንዲያስቡበት የሚያስገድድ ሕግ አውጥተዋል። የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደርም በ2012 ዓ.ም. ለመንግሥት ትምህርት ቤት ተማሪዎች የደንብ ልብስ በነጻ አድሏል። ከተማው ሲያለብስ ልጅ ስለ ልብስ ከደጅ የሚመለስበት ምክንያት አይኖርም።

የእኛም ድርሻ ቀላል አይደለም። በየቤታችን ለልጆቻችን ያጠሩ ሱሪዎችና የጠበቡ ጫማዎች በሣጥን ተቀምጠዋል። ክረምቱ አልፎ ትምህርት ከመከፈቱ በፊት እነዚህን አጥበንና ጠግነን፥ በሰበካ ጉባኤው ወይም በሰንበት ትምህርት ቤቱ በኩል፥ ስም ሳይጠራ፥ ለሚያስፈልጋቸው ብናደርስ ብዙ እናቶች ከእፍረት ይድናሉ። ልጆቻችንንም የጓደኛቸውን ጫማ አይተው እንዳይሳለቁ ማስተማር የእኛው የወላጆች ሥራ ነው።

የዚያ ልጅ እናት በወሩ መጨረሻ ደመወዟን ስትቀበል ጫማውን ትገዛለት ይሆናል። ያን ማለዳና ያን ፈተና ግን ማንም ገዝቶ ሊመልስለት አይችልም።